አይሱዙዬ አንድ ቀን ይነሳል፣ አንድ ቀን ይገግማል

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ደብረ ብርሃን የሚያድር አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር አላቸው። ድንችና እህል ጭነው ወደ አዲስ አበባ ይመላለሱበታል። ከጥቅምት ወዲህ መኪናው አመል አወጣ። አንድ ቀን በአንድ ቁልፍ ይነሳል። በማግስቱ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። አንዱን ባትሪ በአዲስ ቀይረዋል። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አሠርተዋል። አሁን «ፖምፓው ይውረድ» ተብለዋል፤ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ማለት ነው። «ጋራዥ ስወስደው ምንም አይልም፣ በአንዴ ይነሳል፤ ውሸታም አስመሰለኝ» ይላሉ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ሲሉ ጨምረዋል፦ «ሌላ የተነካ ነገር የለም። ቴፕ አስገብቻለሁ፣ የናፍጣ ፊልትሮ ቀይሬያለሁ፣ በቃ።»

ወንድሜ፣ ፖምፓውን አያስወርዱ። ቢያንስ ገና አሁን አይደለም። የፖምፓ ሥራ ውድ ነው፤ እርስዎ የጻፉልኝ ምልክት ደግሞ ወደዚያ አይጠቁምም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግን ዓይኔን ያዘችው። ቴፑንና ፊልትሮውን እንደ ዋዛ ነው የጠቀሷቸው። እኔ ግን ምርመራዬን የምጀምረው ከእነሱ ነው።

ጋራዥ ሲደርስ መነሳቱ አያሳፍርም። ሐኪም ቤት ሲደርስ ትኩሳቱ የሚለቀው ልጅ አይተው የለ? እንደዚያ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሌሊቱን የቆመ መኪና ንጋት ላይ ብርድ በልቶ ይጠብቅዎታል። ጋራዥ የሚደርሰው ረፋድ ላይ ነው። ሞተሩ ሞቋል፣ ባትሪው በመንገድ ላይ ተሞልቷል፣ ናፍጣው መስመሩን ሞልቶ እየሄደ ነው። ችግሩ በሌለበት ሰዓት የሚፈትሽ መካኒክ ምንም ቢያውቅ አያገኘውም። የሚያገኘው ሲያጣ ደግሞ ዕቃ ይቀይራል። የእርስዎም ገንዘብ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ምርመራው መሠራት ያለበት እዚያው ግቢዎ ውስጥ፣ መኪናው በገገመበት ጠዋት፣ በቴስተር ነው። ቴስተር ስል ያቺን ትንሿን የእጅ መለኪያ ማለቴ ነው። ርካሿም ትበቃለች።

ሁለተኛው ነገር፣ እርስዎ አንድ ችግር አድርገው ጻፉት እንጂ የነገሩኝ ሁለት በሽታ ነው። «ጠቅ» ብሎ ዝም ማለት የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። እየዞረ አለመነሳት ደግሞ፣ አዟዟሩ ጤነኛ ከሆነ፣ የናፍጣ ወይም የሙቀት ጉዳይ ነው። ሁለቱን ቀላቅለው ስለያዟቸው ነው ባትሪ ተቀይሮም ያልዳነ የመሰለዎት። ምናልባት አንዱ ተሽሎት ሌላው ቀርቶ ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር ጋቢና ውስጥ ያስቀምጡ። በየጠዋቱ ቀኑን፣ «ጠቅ» ነው ወይስ «ዞረ»፣ መኪናው ፊቱን ወዴት አዙሮ እንዳደረ ይጻፉ። የመጨረሻዋ ለምን እንደምታስፈልግ በኋላ እነግርዎታለሁ።

እንግዲህ ወደ «ጠቁ» እንሂድ።

አይሱዙዎ 24 ቮልት ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተርታ ተያይዘው ነው ያንን የሚሰጡት። ቴፕዎ ግን 12 ቮልት ነው። ቴፑን ያስገባልዎት ሰው 12ቱን ከየት አመጣው? እኔ ደጋግሜ ያየሁት ይህን ነው፦ ከሁለቱ ባትሪዎች መካከል፣ ከገመዱ መገናኛ ላይ ሽቦ ይጎትታል። ቴፑ ይዘፍናል፣ ሹፌሩ ይደሰታል። ከዚያ በኋላ ግን አንደኛው ባትሪ ብቻውን ሁለት ሥራ ይሠራል። ባትሪዎቹን የሚሞላው ዲናሞ ደግሞ ይህን አያውቅም። የሚያየው የሁለቱን ድምር ብቻ ነው። ድምሩ 28 ቮልት ገደማ ከሆነለት ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ውስጡ ሲታይ ግን አንዱ 13.3፣ ሌላው 14.7 ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ እንደተራበ ነው። ሁለተኛው ከልክ በላይ እየተሞላ ውሃውን ያተናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱም ይበላሻሉ፣ አንዱ በረሃብ፣ አንዱ በጥጋብ።

እርስዎ የቀየሩት አንዱን ነው። መቼም የተቀየረው ደካማው ይሆናል። አዲሱ ባትሪ አሁን ከአሮጌ ጓደኛው ጋር ታስሮ፣ ቴፑንም ብቻውን ተሸክሞ ይሆናል። ይህ ከሆነ እሱም ብዙ አይቆይም። ቴፑን መተው የለብዎትም፤ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ገዝተው በእሱ በኩል ያስሩት። ስልክ ቻርጀሩንም፣ ጂፒኤሱንም ይፈትሹ፤ በዚያው ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ሊኖር ይችላል። ባትሪ ሲቀየር ደግሞ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት፣ በአንድ መጠን ይቀየሩ።

ይህን ግምቴን እንዲህ ያረጋግጡ። ጠዋት ቁልፍ ከመስጠትዎ በፊት ባትሪዎቹን ለየብቻ ይለኩ። ድምሩን አይደለም፣ ለየብቻ። ያደረና የተሞላ ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ በግማሽ ነው። 12 ከሆነ እያለቀ ነው። ሁለቱ በግልጽ ከተለያዩ፣ ለምሳሌ አንዱ 12.6 ሌላው 12.1 ከሆነ፣ ግምቴ ትክክል ሳይሆን አይቀርም።

ይህ የመጀመሪያው ልኬት ነው፤ ግን አይበቃም። ያረጀ ባትሪ ቆሞ ሲለካ 12.5 ብሎ ሊያሳስትዎት ይችላል። እውነቱ የሚወጣው ሥራ ላይ ነው። ረዳትዎ ቁልፍ ሲሰጥ እርስዎ ባትሪው ላይ ይለኩ። ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ እያንዳንዱ ባትሪ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም፤ በብርድ ጠዋት ትንሽ ዝቅ ቢል አይፈረድበትም። አንዱ 10.5 ላይ ቆሞ ሌላው 7 ከገባ፣ በሽተኛውን አገኙት ማለት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ካምቢዮው ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ። የእጅ ቀለበትና የብረት ሰዓት ያውልቁ። በባትሪና በሻሲ መካከል የተያዘ ቀለበት ጣት ያቃጥላል፤ አይቻለሁ።

ባትሪዎቹ ደህና ሆነው «ጠቅ» ካለስ? ያኔ ገመዱን ነው የምጠረጥረው፣ በተለይ የማሳውን፣ ማለትም ነጌቲቩን ከሻሲውና ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን። ምክንያቱ በሂሳብ ይታያል። ሞተሪኖ ሲያዞር በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይጎትታል። 300 አምፔር እንበል። በመንገዱ ላይ አንድ የዛገች ቡሎን ብትኖርና ለኤሌክትሪኩ የምትጨምረው እንቅፋት (ሬዚስታንስ) የኦም አንድ መቶኛ ብቻ ቢሆን፣ 3 ቮልት እዚያው ትበላለች። መብራቱ ይበራል፣ ጡሩምባው ይጮኻል፣ ምክንያቱም እነሱ የሚፈልጉት ትንሽ ነው። ሞተሪኖው ግን አቅም ያጣል። ደግሞ ዝገት ስሜቱ ይለዋወጣል። ዛሬ ጤዛ ገብቶበት ይለያያል፣ ነገ መኪናው ተንገጫግጮ ይነካካል። «አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም» የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው እንዲህ ካለ ደካማ መገጣጠሚያ ነው።

ይህን የተማርኩት በከባዱ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የወሎ መስመር የሚሠራ አንድ ሹፌር የእርስዎን የመሰለ ችግር ይዞ መጣ። ሞተሪኖውን አወረድኩት። ጠረጴዛ ላይ ስሞክረው እንደ አዲስ ይዞራል። መልሼ አሰርኩት፣ ተነሳ፣ ሄደ። በሳምንቱ ተመለሰ። አሁንም አወረድኩት፣ በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውን ካርቦንም ቀየርኩለት። አሁንም ተመለሰ። በሦስተኛው ረዳቱ ቁልፍ እየሰጠ እኔ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለ እጄ ከነዳጅ መርገጫው የሚመጣውን የጋዝ ሽቦ ነካ። ትኩስ ነበር። የጋዝ ሽቦ ምን ያሞቀዋል? ሞተሩ በላስቲክ መቀመጫ ላይ ነው የተቀመጠው። ከሻሲው ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኘው አንድ ወፍራም የማሳ ገመድ ነው። ያ ገመድ ከላይ ሲታይ ደህና ነው፤ ላስቲኩ ውስጥ ግን አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ኤሌክትሪኩ መንገድ ሲያጣ በጋዝ ሽቦው በኩል ሊመለስ እየታገለ ነበር። ለዚያ ሰው ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ አስከፍዬዋለሁ። መለስኩለት፣ ግን የጠፋበትን የሥራ ቀን መመለስ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ማሳውን ሳልለካ ሞተሪኖ አውርጄ አላውቅም።

አለካኩ ቀላል ነው። ቴስተሩን ቮልት ላይ ያድርጉ። አንዱን ጫፍ ከሻሲው ጋር በታሰረው ባትሪ ነጌቲቭ ምሰሶ ላይ ያስነኩ። ሞርሴቶው (የገመዱ ማሰሪያ) ላይ ሳይሆን ራሱ እርሳሱ ላይ፤ አለዚያ በሞርሴቶውና በምሰሶው መካከል ያለው ቆሻሻ ያመልጥዎታል። ሌላውን ጫፍ ቀለም የሌለበት የሞተር ብረት ላይ ያስነኩ። ረዳትዎ ቁልፍ ይስጥ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ታሟል። በፖዘቲቩም በኩል እንዲሁ፣ ገመዱ ወደ ሞተሪኖው ከሚሄደው ባትሪ ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን ድረስ። ሁለቱን ባትሪዎች የምታገናኘዋን አጭር ገመድም እንዳይረሱ። በአሸዋ ወረቀት ተጠርጎ እንደገና የታሰረ ማሳ ስንቱን መኪና እንዳዳነ ብነግርዎት አያምኑኝም። ሻሲ የተበየደ ወይም ቀለም የተቀባ መኪና ከሆነ ደግሞ ማሳው ቀለም ላይ ታስሮ እንዳይሆን። ሲፈቱ ነጌቲቩን አስቀድመው ይፍቱ፤ ሲያስሩ እሱን መጨረሻ ያድርጉት።

ገመዱም ደህና ከሆነ ሞተሪኖው ራሱ ላይ እንደርሳለን። በላዩ ያለችው ሶሌኖይድ ሁለት ወፍራም ቡሎኖች አሏት። ቁልፍ ሲሰጥ በውስጧ ያለ መዳብ ሁለቱን ያገናኛል። «ጠቅ» ያለችው እሷ ናት። መዳቡ ከተቃጠለ «ጠቅ» ትላለች፣ ግን አታሳልፍም። «ጠቅ» ባለች ሰዓት በሁለቱ ቡሎኖች መካከል ይለኩ። ወደ ዜሮ ከተጠጋ መዳቡ እያሳለፈ ነው፤ 20 ምናምን ካሳየ መዳቡ አልቋል። ሞተሪኖ ሲሠራ ካርቦን ተቀይሮ መዳቡ ሳይታይ የሚታለፍበት ጊዜ አለ፤ ያሠሩበትን ቦታ ይጠይቁ። ጭራሽ «ጠቅ» እንኳ በማይልበት ቀን ደግሞ ወደ ሶሌኖይዱ የሚመጣውን ቀጭን ሽቦ ይለኩ። ቁልፍ ሲሰጥ የባትሪውን ያህል ቮልት ካልደረሰው ጥፋቱ የቁልፉ ቤት ወይም የሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ) ነው። ብዙ ዓመት የተዞረ ቁልፍ ውስጡ ይበላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው በሽታ። ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ አይነሳም።

«በደንብ» የምትለዋን ቃል ግን እንመርምራት። ናፍጣ ሞተር እሳት የምትረጭ ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው ተጨምቆ የጋለ አየር ነው። አዟዟሩ ከዘገየ አየሩ በፒስቶኑ ፋሻ በኩል ያመልጣል፣ ሙቀቱም በቀዝቃዛው ብረት ይሰረቃል። ስለዚህ ባትሪ የደከመበት ሞተር እየዞረ ላይነሳ ይችላል፤ ሰው ደግሞ ናፍጣ ነው ይላል። መጀመሪያ ከላይ ያለውን ጨርሰው፣ በሙሉ ባትሪ ሲዞር ይዩት።

ከዚያ ሰው ከኋላ አቁመው ጭስ ማውጫውን ያስመልክቱ። ይህ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ሞተሩ እየዞረ ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልተቀጣጠለም። በብርድ ጊዜ ሲሊንደሩን ወደሚያሞቀው ካንዴሌታ ይሂዱ። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው ራሱ አልደረሰም።

እኔ በእርስዎ ላይ የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው፣ በፊልትሮው ምክንያት። ናፍጣው ከታንከር የሚመጣው እየተሳበ ነው። በሚሳብበት መስመር ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብትኖር ናፍጣ ወደ ውጭ አያፈስም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ስለዚህ መሬት ላይ ጠብታ ፈልገው ያጡታል። በመንገድ ላይ ሞተሩ ስለሚስብ ብዙም አይታወቅም። ሌሊት ሲቆም ግን በገባው አየር ልክ ናፍጣው ወደ ታንከር ይመለሳል። ጠዋት መስመሩ ባዶ ነው። አዲስ ፊልትሮ ሲገባ አሮጌዋ ላስቲክ ተጣብቃ ቀርታ አዲሷ በላይዋ ትታሰራለች፣ ወይም ላስቲኳ ትጣመማለች፣ ወይም አየር የምታስወጣዋ ቡሎን የመዳብ ቀለበቷ አርጅቶ በደንብ አትገጥምም። ያን ቀን ይነሳል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይጀምረዋል።

መኪናው ፊቱን ወዴት አዙሮ እንዳደረ ይጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው። ግቢዎ ወይም ማቆሚያዎ ተዳፋት ከሆነ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ሲያድር ናፍጣው ወደ ኋላ መፍሰስ ይቀለዋል። ወደ ታች ሲያድር ይከብደዋል። ደብተርዎ ላይ «ዞረ፣ አልተነሳም» የተጻፈባቸው ቀናት በሙሉ አፍንጫው ሽቅብ ያደረባቸው ሆነው ካገኙ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም።

በገገመበት ጠዋት ሌላም ሙከራ አለ። ቁልፍ ከመስጠትዎ በፊት በእጅ የምትጨመቀዋን ትንሿን ፖምፓ እስክትጠነክር ይጫኗት። መጀመሪያ ላይ ልል ሆና ብዙ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ብትጠነክርና ሞተሩ ወዲያው ቢነሳ፣ አየር ነው። የት እንደሚገባ ለማግኘት ከታንከር ወደ ፊልትሮ ከሚመጣው ጎማ ላይ አንድ ስንዝር ያህሉን ናፍጣ በሚችል መስታወት በመሰለ ቱቦ ይተኩትና ሞተሩን አስነስተው ይመልከቱ። አረፋ ተከታትሎ ሲያልፍ ካዩ ቀዳዳው ከቱቦው ወደ ታንከር በኩል ነው። እዚያ ጥርት ብሎ ከፊልትሮው በኋላ ሲያደርጉት አረፋ ካለ፣ ፊልትሮው ራሱ ነው። የተሰነጣጠቀ ጎማ ከሆነ ይቀየር፤ በሽቦ የታሰረ ከሆነ በደህና ፋሼታ ይታሰር።

አየር ከሌለና ጭስም ከሌለ፣ ሞተሩን የሚያጠፋውን ክፍል ይዩ። ቁልፍ ሲዘጋ ናፍጣ የሚቆርጠው ነገር በአንዳንዱ መኪና ገመድ የምትስብ ትንሽ ሞተር ናት፣ በሌላው ፖምፓው ላይ ያለች ሶሌኖይድ ናት። ቁልፍ ሲከፈት ሙሉ በሙሉ መመለስ አለባት። ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረች ሞተሩ ሲዞር ቢውል አይነሳም። ሰው አጠገቧ ቆሞ ቁልፍ ሲከፈት እንቅስቃሴዋን ይይ፣ ወይም «ጠቅ» ስትል ይስማ።

ካንዴሌታውን በአጭሩ ልበል። የሚያገናኛቸውን ሽቦ ይፍቱና አንድ በአንድ በኦም ይለኩ። ደህናው በጣም ትንሽ ቁጥር ያሳያል። የተቃጠለው ምንም አያሳይም። ከአራቱ ሁለቱ ከሞቱ በደብረ ብርሃን ብርድ ይታወቃል፤ አዲስ አበባ ረፋድ ላይ ላይታወቅ ይችላል። ካንዴሌታዎቹ ኤሌክትሪክ የሚደርሳቸው መሆኑንም ሳይለኩ አዲስ አይግዙ። ብዙ ጊዜ የሞተው ሪሌው ነው። ዘይቱንም ይዩ። ለቆላ የሚመች ወፍራም ዘይት በደጋ ጠዋት ሞተሩን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። መጽሐፉ የሚፈቅድ ከሆነ 15 ደብልዩ 40 ይሻልዎታል።

ይህን ሁሉ እየሠሩ ሳለ ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። ካንዴሌታ ባለው ሞተር አየር ማስገቢያ ላይ ኤተርም ሆነ ቤንዚን አያስረጩ። ካንዴሌታው ጋለ ማለት እሳት አለ ማለት ነው፤ ያለ ሰዓቱ ፈንድቶ ፒስቶን ይሰብራል፣ ሰውም ያቃጥላል። ጭነት ይዘው ቁልቁለት ላይ በማርሽ ለማስነሳትም አይልቀቁት። የፍሬኑ አጋዥ ቫኪዩም የሚመጣው ሞተሩ ሲሠራ ነው፣ የመሪው ጉልበትም እንዲሁ። ሞተሩ ካልተነሳ ሁለቱም አብረውዎት የሉም፣ ጭነቱ ግን አለ።

ነገ ጠዋት የሚጀምሩት እንግዲህ ከቴፑ ሽቦ ነው። ነቅለው፣ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ቻርጅ አስደርገው፣ ማሳውን ጠርገው ለሳምንት ይሞክሩት። በዚያ ሳምንት «ጠቁ» ጠፍቶ «ዞሮ አለመነሳቱ» ብቻ ከቀረ ወደ ፊልትሮው ይለፉ። ካልጠፋ ደግሞ እነዚህን አራት ልኬቶች ጽፈው ይላኩልኝ፦ የሁለቱ ባትሪዎች ቮልት ለየብቻ ቆመው፣ ሞተሩ ሲዞር ለየብቻ፣ የማሳው፣ እና በሶሌኖይዱ ቡሎኖች መካከል ያለው። መኪናው የገገመበትን ጠዋት ቁጥር ይሁን፤ የተነሳበትን አልፈልገውም።